የሼፍ ሁለተኛ ዓይን

ልጅ እያለሁ የደንገጎን ቁልቁለት ወርደው ወደ ድሬዳዋ የሚገቡትን መኪናዎች ገና ሳላያቸው በድምፃቸው እለያቸው ነበር። አባቴ መካኒክ ስለነበር ይህ የሚደንቅ ነገር አይደለም፤ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ዳቦው መድረሱን በመዓዛው ታውቅ የለ? ከሁሉም አስቀድሞ ጆሮዬ የሚያውቀው ግን የአብዲን መኪና ነበር። አንድ ቀን ድምፁን ሳልሰማ መሸ። የምጽፈው ስለዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው። ስሞቹን ቀይሬያለሁ፤ የቀረው እንደነበረ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ቤታችን ገንደ ቆሬ ነበር፤ የአባቴ ጋራዥ ደግሞ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ጠርዝ ላይ፣ የደቻቱ አሸዋ ከሚጀምርበት አጠገብ። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ብዙውን ጊዜ አሸዋ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ግመሎች ይተኙበታል። ከላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ታች ፀሐይ እየወጣ ሳለ ጎርፉ ይመጣና ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። እናቴ «ደረቅ ወንዝ አይታመንም» ትለን ነበር። ጋራዡ የተቃጠለ ዘይት፣ ቤንዚንና በፀሐይ የጋለ ጎማ ይሸታል። እዚያ ሰው በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይቀጥልና በሶማሊኛ ይጨርሳል፤ የመሣሪያው ስም ጣሊያንኛ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በፈረንሳይኛ «ቦን!» ይባላል፤ ጥሩ ነው ለማለት።

ይህን «ቦን» ያመጣው አባቴ ነው። ወጣት ሳለ ለባቡር ሥራ ከምንጃር መጥቶ በባቡሩ ወርክሾፕ ብዙ ዓመት ሠርቷል። የክፍል አለቃ ሆኖ ስለወጣ ከተማው ሁሉ በፈረንሳይኛው «ሼፍ»፣ አለቃ፣ ይለዋል። በወርክሾፑ አንድ ሥርዓት ነበረ። ብሎን ያጠበቀ ሰው ሥራው አልቋል ብሎ አይናገርም፤ ሌላ ሰው መጥቶ አይቶ «ቦን» ይላል። አባቴ ይህን ሥርዓት ወደ ራሱ ጋራዥ ይዞት መጣ። ፍሬን ቢሆን፣ መሪ ቢሆን፣ ሞተር ቢሆን፣ ሁለተኛ ዓይን ሳያየው መኪና አያስወጣም። «የራስ ዓይን ለራስ እጅ ያዳላል» ይል ነበር። አንዳንዱ ደንበኛ ይስቅበታል፤ ልጆቹን ጭኖ ደንገጎን የሚወጣው ግን ከእሱ ጋራዥ ሌላ አይሄድም።

አብዲ የጫት ሾፌር ነበር። ቤተሰቦቹ ቢዮ አዋሌ አካባቢ የሚኖሩ የጉርጉራ ጎሳ ሰዎች ናቸው፤ እናቱ፣ በኦሮምኛ እናት ለማለት አዴ ፋጡማ የምንላት፣ ግን ከእኛ ቤት ብዙ ሳይርቅ ከታናሽ ወንድሙ ከመሐመድ ጋር ትኖር ነበር። ጫት አወዳይ ይጫናል፣ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ወደ ጅቡቲ ይበራል። አውሮፕላን አይጠብቅም፤ ጫት ካደረ ደግሞ ቅጠል ነው። ስለዚህ የጫት ሾፌር ሁሉ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት እንደሚሸሽ ሰው ነበር የሚወርደው። አብዲ በራችን ሲደርስ ጥሩምባ ይነፋና በመስኮቱ በወረቀት የተጠቀለለ ሙሽበክ የሚባል ጣፋጭ ይወረውርልኛል። «ትንሿ ሼፍ፣ ቅመሺ!» ይለኛል። የሙሽበኩ ማር ወረቀቱን አልፎ ጣቶቼ ላይ ይጣበቃል።

የአብዲ መኪና አዲስ የጣሊያን ሥሪት ነበረች። ሞተሯ በከተማችን ካሉት ይለያል። ሌሎቹ በካቴና ሲዞሩ የእሷ ግን ጥርስ ባለው የጎማ ቺንጊያ ነው። ሰዎች «ሞተር በጎማ? ነገ ደግሞ በክር ይሰፉታል!» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አባቴ ግን አልቀለደም። ከላይ ካምሻፍት የሚባሉ ሁለት ዘንጎች አሏት፤ ቫልቮላዎቹን የሚከፍቱትና የሚዘጉት እነሱ ናቸው። ከታች ደግሞ ዋናው ዘንግ አለ። ሦስቱን የሚያስተባብራቸው ያ ቺንጊያ ነው። በየዘንጉ ጫፍ ላይ ባለው ጥርሳም መዘውር ላይ ትንሽ ጭረት አለ፤ ቺንጊያ ሲቀየር ጭረቶቹ ሁሉ ከየምልክታቸው ትይዩ መሆን አለባቸው። አንድ ጊዜ ለእናቴ ሲያስረዳት ሰምቻለሁ፦ «አንዱ ዘንግ በአንድ ጥርስ ብቻ ቢቀድም ሞተሩ ይነሳል፣ ይሄዳል። ግን እያነከሰ ነው። የት እንደሚጥል አይታወቅም።»

የዚያን ቀን ምሳ ይዤለት የሄድኩት በቀትር ነው። ድሬዳዋ በቀትር ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ ይጋደማል፣ ውሻ እንኳን ከጥላ አይወጣም። የአባቴ ሠራተኞች ወደየቤታቸው ሄደው ጋራዡ ውስጥ እሱና አብዲ ብቻ ነበሩ። አባቴ አሮጌውን ቺንጊያ አውጥቶ አዲሱን እያስገባ ነው። እኔ ከሞተሩ ማዶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

«አቦ ሼፍ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትኩለው? ጨርሰዋ!» ይላል አብዲ እየተንጎራደደ።

«ሙሽራይቱ ገደል ይዛህ እንዳትገባ ብዬ ነው» አለው አባቴ ቀና ሳይል።

ሁለቱም ሳቁ። ያን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።

አባቴ ቺንጊያውን በአንድ እጁ ወጥሮ፣ በሌላው ማጥበቂያውን ይዞ ቆመ። እጁ የወዲያኛውን መዘውር ይጋርድበታል። ቢለቀው ደግሞ ሥራው ሁሉ ይፈርሳል።

«አብዲ፣ ና ወደዚህ። የዚያኛው ጭረት ከምልክቱ ገጥሟል? ከእኔ በኩል አይታየኝም።»

«እኔ መካኒክ ነኝ እንዴ?»

«ዓይን አለህ አይደል? ሠራተኞቹ እስኪመለሱ ከጠበቅህ ጥሩ፤ ካልጠበቅህ እይና ንገረኝ።»

አብዲ ጎንበስ አለ። «ቦን፣ ሼፍ! ቦን!» አለ።

ትይዩው ነበርኩ። አንገቱን ወደ ሞተሩ ደፍቷል፤ ዓይኑ ግን የእጁ ሰዓት ላይ ነበር።

አባቴ አጠበቀው። ሞተሩን በመፍቻ ቀስ አድርጎ አዞረው፤ የሚጋጭ ነገር አልሰማም። ደግሞ ሊያይ ቀና ሲል አብዲ ክዳኑን ይዞ ለመዝጋት ቆሟል። ዘጋው። ሞተሩ ተነሳ። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠ።

«ድምፁ ደከም ብሏል» አለ።

«አዲስ ጫማም መጀመሪያ ይጠብቃል፣ ሼፍ! ይለመዳል!» ብሎ አብዲ ሄደ።

አባቴ የመኪናው ድምፅ ወደ ተራራው ርቆ እስኪጠፋ በዚያ ፀሐይ መንገዱ ላይ ቆመ። ምሳው ቀዘቀዘ። «ሲመለስ ከፍቼ አየዋለሁ» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ።

አመሻሹ ላይ የጫት መኪናዎቹ ወረዱ። አንዱ አለፈ፣ ሌላው አለፈ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እናቴ ገብተሽ እግርሽን ታጠቢ ብትለኝ አልገባሁም። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ከበራችን ፊት ቆመና ሾፌሩ ወርዶ አባቴን ጠየቀ። ነገሩን ቆሞ ነው የነገረው። አብዲ ጫቱን ጭኖ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ድንገት ጠፋበት፤ ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ፍሬን ይደነድናል። ከኋላው የነበሩት የሞተሩ ድምፅ ሲጠፋ ሰምተዋል፤ መኪናው መታጠፊያውን ስቶ ወደ ገደሉ ሲገባ አይተዋል። አብዲ እዚያው ሞቷል።

አባቴ አልጮኸም። ወደ ጓሮ ሄዶ እጁን በሳሙና ታጠበ። እናቴ ፎጣ ስታቀብለው ሳይቀበላት መልሶ ታጠበ።

አብዲ በማግስቱ ተቀበረ። አባቴ ቀብሩ ላይ ከሰዉ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር አሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ መኪናዋን ከገደሉ ጎትተው አወጧት፤ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ጋራዡ ግቢ ውስጥ አስቀምጠው ሸራ አለበሷት። ነፋስ ሲነሳ ሸራው ይነፋና ይሟሽሻል፤ ሥሩ የሚተነፍስ ነገር ያለ ይመስላል። ሠራተኞቹ በዚያ በኩል ማለፍ ትተው በግንቡ ዞረው ነበር የሚገቡት።

ፖሊስ የአደጋውን ጉዳይ ዘጋው። በእኛ ከተማ ግን ፖሊስ የዘጋውን ሽማግሌ ይከፍተዋል። ሐጂ ሮብሌ የሚባሉ የጉርጉራ ሽማግሌ መጥተው አባቴን በትሕትና አነጋገሩት። ጠብ አልፈለጉም። «ሰው ሞቷል። የሞተው መኪና በነዳ እግሩ ነው ወይስ መኪና በሠራ እጅህ ነው? ይህ ሳይታወቅ ደሙ አይደርቅም። ዓርብ ከሶላት በኋላ ሞተሩ በሽማግሌ ፊት ይከፈት» አሉት። አባቴ እሺ አለ። በእጁ ከሆነ ጉማ አለበት፤ ጉማ የደም ካሣ ነው።

ጉማ ምን እንደሆነ የነገረችኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ከአባቴ ጋራዥ ባመጣሁት ጠመኔ መሬት ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሥለን እየተጫወትን ነበር። ድንጋዩን ወርውራ በአንድ እግሯ እንደቆመች፣

«ደም በሴት ልጅ ነው የሚታረቀው» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«አንቺን ነዋ የሚሰጡሽ። ለመሐመድ። ትምህርት ቤት ቀረ፤ ቢዮ አዋሌ ወርደሽ ፍየል ትጠብቂያለሽ።» ከዚያ ዘላ ዘላ ጨረሰች።

ሮጬ እናቴን ጠየቅኳት። እናቴ «ማን ነገረሽ?» አለች። ውሸት ነው ብትለኝ ኖሮ እተኛ ነበር። እሷ ግን ልብሴን ታስተካክል ይመስል ትከሻዬን ያዘች። በኋላ ሳስበው እሷም አታውቅም ነበር። ከሌላ አገር መጥታ በሰው አገር ሥርዓት መሀል ነው የምትኖረው፤ የሰማችው ወሬ እኔ ከሰማሁት አይበልጥም።

ሐሙስ ቀን ጋራዥ ሄጄ አባቴን ብቻውን አገኘሁት። ያየሁትን ነገርኩት። አብዲ ጭረቱን አላየም፤ ሰዓቱን ነበር የሚያየው አልኩት። አባቴ በእጁ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም አትንገሪ። የሞተ ሰው መልስ መስጠት አይችልም።»

«እኔን ቢሰጡኝስ?»

«ማን ነው አንቺን የሚሰጠው?» አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ድምፁ ግን እንደ ሁልጊዜው ጠንካራ አልነበረም።

ዓርብ ሽማግሌዎቹ ከጋራዡ ግንብ አጠገብ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የአብዲ ዘመዶች በአንድ በኩል፣ የባቡር ሰዎችና ጎረቤቶቻችን በሌላ በኩል። ሴቶቹ ከኋላ ነበሩ፤ በመካከላቸው አዴ ፋጡማ። እኔ የውሃውን እንስራ እንድጠብቅ ተደርጌ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሞተሩን እንዲከፍት የተመረጠው ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ መካኒክ ነበር። ከሁለቱም ወገን ስላልሆነ፣ ከአባቴም ጋር ገበያ ስለሚሻማ፣ አያዳላም ተባለ።

ሸራው ተገፈፈ። ከአሸዋው ላይ የግመል ድምፅ ይሰማል። ሙሴ ያኒ የፊት ክዳኑን ፈታ። ቺንጊያው አልተበጠሰም፣ ቦታው ላይ ነበር። መፍቻውን አስገብቶ ሞተሩን ቀስ አድርጎ ማዞር ጀመረ። ይንቀጫቀጫል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይዞራል።

«ታች ገጥሟል» አለ። ላቡን ጠረገ። «የላይኛው አንዱ... ገጥሟል።» ከዚያ ጎንበስ አለና ቆየ። ሲነሳ አባቴን አላየውም። «ሌላኛው አልገጠመም። አንድ ጥርስ።»

ከሰዉ መሀል እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅ ወጣ። ሐጂ ሮብሌ በትራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ።

«ከመውደቁ በፊት ነው ወይስ ሲወድቅ?»

«ጎማ አይናገርም፣ ሐጂ። ሲወድቅም ሊዘል ይችላል። የዚያን ቀን ያየ ሰው ካለ እሱ ይናገር።»

ሐጂ ሮብሌ ወደ አባቴ ዞሩ። «ሼፍ፣ በመጨረሻ ያየው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁለተኛው ዓይንስ? አንተ እኮ ሁለተኛ ዓይን ሳያይ መኪና አታስወጣም። ይህንን ልጅ ሁሉ ያውቃል።»

«የዚያን ቀን አስወጣሁ። ሠራተኞቹ ለምሳ ሄደው ነበር።»

በዚህ ጊዜ አዴ ፋጡማ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። «ልጄ ያኔ የት ነበር?» አለች።

«ጥላ ሥር ተኝቶ ነበር። ደክሞት ነበር» አላት አባቴ። ይህን ሲል ወደ እኔ ተመለከተ። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። አንድ ቃል ብናገር ነገሩ እንደሚለወጥ ገብቶኛል፤ መሐመድ ከአጎቶቹ መሀል ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሲያየኝ ደግሞ የነገ ቤቴን ያየሁ መሰለኝ። አልተናገርኩም።

ሽማግሌዎቹ በቋንቋቸው ተነጋገሩ። ከዚያ ሐጂ ሮብሌ ጥፋቱ የአባቴ እጅ እንደሆነ፣ አባቴም እንደተቀበለ ተናገሩ። ካሣው ምን እንደሚሆን የመናገር መብት የእናት ነው አሉ። አዴ ፋጡማ በሰዎቹ መሀል አልፋ ወደ እኔ መጣች። ሰዉ መንገድ እየለቀቀላት መጣች። እናቴ ከተቀመጠችበት ስትነሳ አየሁ።

«ልጅህ ናት?» አለች አዴ ፋጡማ።

«አዎ» አለ አባቴ።

እጇን ጭንቅላቴ ላይ አደረገች። ከባድና ትኩስ ነበር። እስካሁን ድረስ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

«ይቺ አባት አላት» አለች። «የእኔ መሐመድ ግን አባትም የለው፣ ወንድሙም ሄደ። እኔ ከብት አልፈልግም። የሰው ልጅም አልወስድም። ሼፍ፣ መሐመድን አንተ ውሰደው። እጅህን አስተምረው። ዓይንም ይሁንህ፤ ከእንግዲህ ብቻህን አትይ።»

ሐጂ ሮብሌ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሰዉ ሁሉ «አሚን» አለ። አባቴ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ቁጭ አለ። መሐመድም ከአጎቶቹ መሀል ተነስቶ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ መሐመድ ጋራዡ ውስጥ አደገ። ቀን ከእኛ ይበላል፣ ማታ እናቱ ጋ ያድራል። አባቴ አንድ ሥራ በጨረሰ ቁጥር መሐመድ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ቦን» ይላል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ «አይደለም፣ ሼፍ» ይላል፤ አባቴም ይፈታዋል። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ሳገባ እጄን ሂና የቀባችኝ አዴ ፋጡማ ናት። ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ቀና ሳትል፣ «አባትሽ ውሸት አይችልበትም» አለችኝ። «አብዲ ጫት እየጠበቀው በቀን ይተኛል? እሱ እኮ ቆሞ ነበር የሚበላው።» ሂናው እስኪደርቅ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

መሐመድ ግን አያውቅም ነበር። አባቴ በሞተ ጊዜ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ከቀብር ስንመለስ አጠገቤ እየሄደ፣ «ወንድሜን የገደለው ስህተቱ ነው። እኔ ግን ገና በመጀመሪያው ዓመት ይቅር ብዬዋለሁ። ነግሬው አላውቅም፤ አንቺ እወቂልኝ» አለኝ። ሰዓቱን ሲያይ የነበረው አብዲ ዓይኔ ላይ መጣ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

አሁን መሐመድም የለም። ጋራዡን የያዙት ልጆቹ ናቸው። ባለፈው ሄጄ ስቀመጥ ቺንጊያ እየቀየሩ ነበር፤ ያው ጭረት፣ ያው ምልክት። ሁለተኛ ዓይን ግን አይጠሩም። ትልቁ ልጅ ስልኩን ጠባቡ ቦታ ውስጥ አስገብቶ ፎቶ አነሳና ለደንበኛው አሳየው። «ፎቶ አይዋሽም፣ አዴ» አለኝ እየሳቀ። ጥሩ ነው አልኩት፤ ጥሩም ነው። በዚያ ቁልቁለት የሚወርዱት የእሱም ልጆች ናቸው። በልቤ ግን ያቺን ዓርብ አሰብኩ። ያኔ እንዲህ ያለ ፎቶ ቢኖር አብዲ ቤቱ በደህና ይገባ ነበር፤ ይህን ማን ይጠላል? አብዲ አንስቶ ሳያየው የተወው ፎቶ ከሞቱ በኋላ ቢገኝ ግን ሽማግሌዎቹ እውነቱን አይተው፣ አባቴን ነፃ አውጥተው፣ በሟቹ አፍረው በተበተኑ ነበር። መሐመድ ወደ ጋራዣችን አይመጣም ነበር፤ ይህ ልጅም እኔን አዴ ብሎ የሚጠራበት ምክንያት አይኖረውም ነበር።